አንቴናው፣ ምራቷና የሻርሼን አታ ቆብ

ሰው ሲጨንቀው መጥረቢያ ያነሳል። የሚቆረጥ ነገር ስላለ አይደለም፤ ባዶ እጅ ጭንቀትን ስለማይችል ነው። በተራራው መንደር በኡዙንሳይ አታ፣ አባታችን፣ እየተባሉ የሚጠሩት ሽማግሌ ሻርሼን ግን ፀሐይ አናት በሚበሳበት በዚያ ከሰዓት በኋላ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከቤት ሲወጡ የሚቆርጡትን ያውቁ ነበር። ሊቆርጡ የተነሡት የገዛ ልጃቸውን ዛፍ ነው።

ወንድ ልጅ ሲወለድ በደጅ በረድፍ የሚተከለው ተረክ፣ ያ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚመዘዝ ዛፍ፣ ልጁ ጎልምሶ ጎጆ ሲወጣ ማገር እንዲሆነው ነው። የታላላቆቹ ልጆች ዛፎች ተቆርጠው ቤት ሆነዋል። የመጨረሻው ልጅ ኤርመክ ግን እንደ ወጉ የአባቱን ቤት ወራሽ ነውና የእሱን ረድፍ የነካው የለም፤ ጣሪያውን በእጥፍ በልጦ፣ ቅጠሉን እያንሿሿ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ባለዛፉ ከቤት በራቀበት ጊዜ ዛፉን መቁረጥ ደግሞ ደግ አይደለም ይባላል። ይህን ሻርሼን አታ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስንቱን ጎረቤት "ተው፣ ሟርት ነው!" እያሉ የገሠጹት እሳቸው ናቸው። ጭንቀት ግን የመካሪን ምክር ያስረሳል።

ጭንቀታቸውም እንዲህ ነው። ኤርመክ ከሚስቱና ከጨቅላ ልጁ ጋር ሸለቆው ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ሰፍሮ ለበጎቹ ድርቆሽ ያጭዳል። ከሸለቆው በላይ፣ ከበረዶው ተራራ ግርጌ፣ ሐይቁ አለ። ሙቀት ሲበረታ በረዶው ይቀልጣል፣ ሐይቁ ይሞላል፤ ከሞላም አፉን ጥሶ ጭቃና ቋጥኝ እየጠረገ ይወርዳል። ወንዙ ደግሞ ከትናንት ወዲህ ጠቁሯል፤ አዲስ የታረሰ መሬት ይሸታል።

ታዲያ ሄደው ልጃቸውን አይጠሩም? አምናማ ጠርተውት ነበር። የገበያ ወሬ ሰምተው፣ ፈረስ ጭነው፣ "ሐይቁ መጣብህ!" ብለው ከነቤተሰቡ አወረዱት። ሐይቁ ንቅንቅ አላለም። ጥለውት የመጡትን ድርቆሽ ዝናብ መታው፣ በሰበሰ፣ በበረዶው ወራት ከበጎቹ ግማሹ በረሃብ አለቀ። ኤርመክ ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱን ክፉ አልተናገረም። "ሁለተኛ ግን አባቴ፣ ወሬ ሳይሆን እርግጡን ይዘውልኝ ይምጡ" ብቻ አለ። ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች።

እርግጡ የሚነገረው ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በአውራጃው ቴሌቪዥን ነው። የሻርሼን አታ ቴሌቪዥን ግን ዛፎቹ ቅጠል ካወጡ ወዲህ "ምልክት የለም" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያውቅም። ስልክ የሚሠራው መቃብሩ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ጠዋት በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወጥተው ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ደወሉ፤ መስመሩ ተይዟል አላቸው።

መጥረቢያውን አስቀድመው በድንጋይ ሊስሉ ከግቢያቸው ጎን ወዳለው የመስኖ ቦይ ሲወርዱ ድልድዩ ላይ ሳይካልን አገኟት። ሳይካል የቅርብ ጎረቤታቸው ምራት ናት፤ የምራትነቱን ነጭ ሻሽ ካሰረች ገና ዓመት አልሞላትም። በዋና ከተማው የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ስርጭት ትምህርት ተምራለች፤ ባሏ ለሥራ ሩሲያ ሄዷል፣ አማቶቿ ከከብቶቹ ጋር ግጦሽ ወጥተዋል፤ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሽማግሌውን ስታይ ውኃ የሞሉ ባልዲዎቿን ይዛ ከመንገዱ ወጣች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

"በሙሉ ባልዲ ገጠምሽኝ፣ መንገዴ ቀና ማለት ነው። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጄ" አሉ ሻርሼን አታ።

"አሜን፣ አታ። በመጥረቢያ ወዴት ነው?"

"ተረኩን ልጥለው።"

ሳይካል ባልዲዎቹን አስቀመጠች። "የልጅዎን? እሱ በሌለበት?"

"ለእሱው ብዬ ነዋ! ረጅሙን እቆርጥና አንቴናውን ጫፉ ላይ አስሬ አቆመዋለሁ። ከፍ ያለ ሩቅ ያያል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መሄድ አያስፈልግም።"

"አይቆጡኝና አንድ ነገር ልናገር?"

"ተናገሪ። እናንተ የተማራችሁት ባይፈቀድላችሁም ትናገራላችሁ።"

ሳይካል ፈገግ ብላ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። "አታ፣ ችግሩ ማጠሩ አይደለም። አንድ ዛፍ ቢቆርጡ የቀሩት ያንኑ ያህል ይረዝማሉ። የረዘመ ግንድ ደግሞ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ የአሁኑ ስርጭት ውዝዋዜ አይችልም። አንቴናው ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወዴት ይያ! ወደ ተራራው በር፣ ወደ ማለፊያው። ከድሮም ማማው እዚያ ነው።"

"እሱማ ከተዘጋ ቆየ። አዲሱ ማማ ከገበያው ከተማ በላይ፣ ፀሐይ መውጫው ላይ ነው። አንቴናዎ የሚያየው ሰው የሌለበትን ቤት ነው።"

ሻርሼን አታ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ፤ የያዟት መሰላቸው። "ታዲያ በበረዶው ወራት እንዴት ይሠራ ነበር? ያን ጊዜም ወደዚያው ነበር የሚያየው። አየሽ? ሪሲቨሩ ነው የተበላሸው።"

"ያን ጊዜ ዛፎቹ ራቁታቸውን ነበሩ። አንቴናው ፊቱን አዙሮም ቢሆን በጎኑ ይሰማ ነበር፤ ጀርባውን የሰጠ ሰው የሚወራበትን እንደሚሰማው። አሁን ግን በመካከሉ ቅጠል ገባ። ምልክቱ ከማማው እንደ ብርሃን ነው የሚመጣው፤ እርጥብ ቅጠል ያስቀረዋል።"

"የድሮው ስርጭት ቅጠልም ቢኖር ነፋስም ቢኖር ይመጣ ነበር!"

"ይመጣ ነበር፤ ሲደክም ማያው ላይ በረዶ እያዘነበ፣ ሰውየውን ሁለት እያደረገ፣ እያሾፈም ቢሆን ይመጣ ነበር። አዲሱ መሃል ቤት አያውቅም፤ ወይ ጥርት ብሎ አለ፣ ወይ ጨርሶ የለም።"

"እንደ ሊቀመንበራችን በይኛ።" ሳቃቸው መጥቶ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ወንዙን አየና ሳቁን ተዉት። "የእናንተው ቤትስ? ጣሪያችሁ ላይ ያን የሚያህል ዲሽ ተሰቅሎ የለም እንዴ? ወሬውን ከእሱ ንገሪኛ።"

"ዲሹ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚያመጣው፣ አታ። ባሕር ማዶ ስንት መኪና እንደ ተጋጨ ይነግረናል፤ የእኛን ሐይቅ አያውቀውም። የአውራጃው ስርጭት እሱ ላይ የለም።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" አሉ ሻርሼን አታ። መጥረቢያውንም ከትከሻቸው አወረዱት።

ሰው የሚተማመንበትን ነገር በአንድ ጊዜ አይጥልም፤ በትንሽ በትንሹ ነው የሚያወርደው። ሻርሼን አታ መጥረቢያውን ከትከሻቸው ወደ እጃቸው ማውረዳቸው በእሳቸው ቤት ትልቅ እርምጃ ነበር።

ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሳይካልም ከዲሹ የተረፈ አንድ ጥቅል ገመድ ከቤቷ ይዛ ተከተለቻቸው። የሻርሼን አታ ባለቤት፣ መንደሩ አፓ፣ እናታችን፣ የሚላቸው ኡምሱናይ አፓ ደጅ ላይ ወንዙን እያዳመጡ ነበር። አንቴናው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ታስሯል፤ ከቡዳ ይጠብቀው ተብሎ የተራራ ፍየል ቀንድ ተንጠልጥሎበታል፤ ገመዱ መሃል ላይ በጨርቅ ተቀጥሎ ጨርቁ ረጥቦ በስብሷል። ሳይካል በግቢው እየዞረች፣ ስልኳ ላይ ያለውን አቅጣጫ ጠቋሚ እያየች፣ ከጣሪያው ወዲያኛው ጫፍ ሥር ቆመች። በዛፎቹ ረድፍና በጋጣው ግድግዳ መካከል፣ ቦዩ በሚያልፍበት በኩል፣ ክፍት ሰማይ ይታያል።

"ይኸው በር። ከዚህ ወደ ማማው ቅጠል የለም። አንቴናውን ከጭስ ማውጫው ፈትተን እዚህ ጫፍ እንተክለዋለን፤ ጥርሶቹን ወደ ፀሐይ መውጫ እናዞራለን፤ ገመዱን ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ እናደርገዋለን። ዛፍም አይቆረጥም" አለች።

"መሰላሉን አምጪ" አሉ ሻርሼን አታ ለባለቤታቸው።

"አንተ ሽማግሌ፣ በየትኛው ጉልበትህ?"

"ባለኝ!"

ሁለት እርከን ወጡ። ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መሰላሉን አቅፈው ቀሩ። ኡምሱናይ አፓ እየጮኹ፣ ሳይካል ከታች እየደገፈች አወረዷቸው። መሬት ላይ ሲቀመጡ ላባቸው ይወርድ ነበር። ከመንደሩ ጎረምሶች ያልወጣ የለም፤ ከፊሉ ግጦሽ፣ ከፊሉ ድርቆሽ ላይ ነው።

"እኔ ልውጣ፣ አታ" አለች ሳይካል።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ለምን ትላለች! ነጭ ሻሽ ያሰረች ምራት በሽማግሌ ራስ ላይ? እኔ ከታች፣ አንቺ ከላይ? ምራት ከአናቱ በላይ የወጣችበት ወንድ ቆቡ ትወድቃለች ሲባል አልሰማሽም? አባቴ በዚህ ቆብ ነው የኖረው። የመንደሩ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? የአንቺስ አማት ከግጦሽ ሲመለስ ምን ይለኛል?" ቃልፓክ የሚባለውን ረጅም ነጭ የሱፍ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አሁኑኑ የሚነጠቁ ይመስል።

ሳይካል እንባዋ መጣ፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ እንዳደረገች ነው። "አታ፣ ወጉን አላቃልልም። ሲያልፉ ቆሜ አሳልፌዎታለሁ፣ ነገም እቆማለሁ። ወጉ የተሠራው ሰው እንዲከበር አይደለም? ሰውየው ከሌለ ማንን ነው የሚያከብረው? እዚያ ሜዳ ላይ ያለችው እኮ እንደ እኔው ምራት ናት፤ ልጇንም አዝላለች።"

ሻርሼን አታ ቆባቸውን አልለቀቁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፤ ግን መልቀቅ ከመያዝ ይከብዳል።

ያን ጊዜ ኡምሱናይ አፓ ዘው ብለው ገቡበት። "አንተ ሽማግሌ! ያ አውሎ ነፋስ የመጣ ጊዜ፣ ግጦሽ ላይ፣ የድንኳናችን አናት ሲገነጠል ማን ነበር ወጥቶ ያሰረው?"

"የትኛው አውሎ ነፋስ?"

"የትኛው ይላል! በሬው የሞተ ጊዜ። እናትህ አይደሉም ወይ? ነጭ ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወጡ። አባትህ ከታች ገመድ ይዘው 'በርቺ!' ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቆባቸው ወደቀች? እስኪሞቱ ራሳቸው ላይ ነበረች!"

"ያ ድንኳን ነው..."

"ይሄስ? ጣሪያ ሁለት ዓይነት ነው እንዴ?"

ነፋሱ ዞረና ያ የታረሰ መሬት ሽታ ግቢውን ሞላው። ሦስቱም ሸተታቸው። ሻርሼን አታ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሳይካልም ዘረጋች።

"መንገድሽ የተቃና ይሁን። የወጣሽበት አይክዳሽ። የእኔ ነውር እኔው ላይ ይቅር። አሜን።" ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። "ውጪ ልጄ፣ ሳላስብበት!"

ወጣች። ቀንዱን በክብር ፈትታ ለኡምሱናይ አፓ አቀበለች፤ የበሰበሰውን ገመድ ወረወረች፣ አዲሱን ገጠመች፤ አንቴናውን ተሸክማ በቆርቆሮው ላይ በአራት እግሯ እየዳኸች ሄዳ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ካለው ምሰሶ ጋር አሰረችው። ሻርሼን አታ ቤት ገብተው ሪሲቨሩ ፊት ተቀመጡ፤ ኡምሱናይ አፓ ደፍ ላይ ቆመው የወዲህንም የወዲያንም ቃል ያስተላልፋሉ።

"ምን አለ?" ሳይካል ከላይ።

"ምንም! አዙሪው፣ አዙሪው፣ ጨምሪ!" ሽማግሌው ከውስጥ።

ያ የድሮ ልማድ ነው። የድሮውን አንቴና አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ እንደ መሪ ሲያሽከረክረው ሌላው ከውስጥ "ቁም!" ሲል ይኖር ነበር። የኡዙንሳይ ሰው ሁሉ አዲሱንም እንዲያ ሲያሽከረክር፣ ትክክለኛውን ቦታ አልፎት እየሄደ "ሳጥኑ ተበላሸ" ብሎ ተቀምጧል።

"አይሆንም አታ!" አለች ሳይካል። "ይህኛው ቸኩሎ አይመልስም። የጣት ያህል አዞራለሁ፣ ከዚያ በዝግታ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ እስኪሄድ ሐይቁ ይመጣል!" አሉ፤ ግን ቆጠሩ። የጣት ያህል ዞረ፤ ቆጠሩ፤ ምንም የለም። ደግሞ ዞረ። ደግሞ ቆጠሩ።

"መጣ! ማያው ላይ ካሉት ሁለት መስመሮች ላይኛው ሞላ! እልል በሉ!"

"ላይኛው የምልክቱ ጉልበት ነው፣ አታ። ታችኛውን ይዩልኝ፤ ጥራቱን የሚናገረው እሱ ነው።"

"ታችኛውማ... ባዶ ነው።"

"እንግዲያው ገና ነን።"

ትንሽ ዞረ። ታችኛው መስመር ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ብቅ አለ። ማያው ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተኑ፣ የሴት አፍ ብቻ ታየ፣ ቀዘቀዘ። ከዚያ ድንገት ጥርት ብላ፣ የአንገቷ ሐብል ሳይቀር እየታየ፣ ዜና አንባቢዋ ቁጭ አለች። ሻርሼን አታ እንዳይጠፋባቸው ትንፋሻቸውን ያዙ።

"...ከኡዙንሳይ በላይ ያለው ሐይቅ ውኃ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል፤ በወንዙ ዳር የሰፈሩ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ከፍታ እንዲወጡ..."

የቀረውን አልሰሙትም። ፈረሱን ማን እንደ ጫነላቸው እስከ ዛሬ አያስታውሱም፤ ኡምሱናይ አፓና ሳይካል ናቸው።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ተራራው ላይ ተቀምጣ ነበር። ድርቆሹ ተቆልሎ ቢጫ ብሎ ያምራል፤ ላብ ያጠመቀው ኤርመክ መንሹን ተደግፎ አባቱን አየ፤ ፊቱም ጠቆረ።

"እንደ አምናው ነው፣ አባቴ?"

"የአምናውን ሰማሁት። የዛሬውን በዓይኔ አየሁት፤ በቴሌቪዥን፣ ጥርት ብሎ። ዜና አንባቢዋ ከኡዙንሳይ በላይ ያለው ሐይቅ ብላ ተናገረች። ልጄ፣ ልጁን አንሣ!"

ኤርመክ ድርቆሹን አየ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። መንሹን ጥሎ ሮጠ። ጨቅላውን ለአባቱ ፈረስ ላይ አቀበለ፣ ሚስቱን በእጇ ያዘ፣ ቁልቁለቱን ሳይሆን ሽቅቡን፣ ድንጋዩን እየቧጠጡ ወጡ። ሻርሼን አታ በአንድ እጃቸው ሕፃኑን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ በሌላው ልጓም ይዘው ነበርና የጥድ ቅርንጫፍ ቆባቸውን ሲነጥቃቸው ለመያዝ እጅ አልነበራቸውም። ነጯ ቆብ እየተንከባለለች ወደ ሜዳው ወረደች።

ገና አናቱ ላይ ሳይደርሱ መሬቱ አጉረመረመ። ከሸለቆው አፍ ጥቁር ግድግዳ ቋጥኝ እየተሸከመ ወጣ። ድርቆሹን፣ ድንኳኑን፣ ምጣዱን፣ ቆቧንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ዋጠ። የኤርመክ ሚስት ጮኸች። ኤርመክ ወደ አባቱ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ግንባሩን ደፋ፤ ትከሻውም ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ከሻርሼን አታ ደጅ ተሰበሰበ። ጎርፉ ከቤቶቹ በታች ነበር ያለፈው። ሽማግሌው ራሳቸውን ገልጠው፣ ነጭ ፀጉራቸው ለፀሐይ ተሰጥቶ፣ እንዲህ አሉ፦

"ስሙኝ። ወሬ አምና ከበጎቻችን ግማሹን አስጨረሰኝ፤ እርግጡ ነገር ዘንድሮ ልጄን አተረፈልኝ። የሁላችንም አንቴና የሚያየው የተዘጋ ማማ ነው፤ የሁላችንም ገመድ በጨርቅ የተቀጠለ ነው። ወደ አዲሱ ማማ እናዙረው፤ ቅጠል ከሌለበት ጫፍ እንትከለው፤ አዙረን እንታገሥ። ገበሬው ዝናቡን አውቆ ያጭዳል፣ እረኛው ውርጩን አውቆ ያወርዳል፣ እናትም ሐይቁን አውቃ ትተኛለች። ይህ ሁሉ እቤታችን ደጅ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ጀርባ ሰጥተነው ኖርን።"

ሁሌም ነገር የማያልቅበት ታሽታን፣ በሠፈሩ ትልቁ ዲሽ ያለው ሰውዬ፣ ከኋላ ሆኖ "እሱስ ደግ ነው፣ ሻርሼን። ግን የሰው ምራት አናትህ ላይ ወጣች አሉ። ቆብህም ወደቀች አይደል?" አለ።

ሳይካል ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ወድቃለች፤ ጎርፍ ወሰዳት" አሉ ሻርሼን አታ፣ ባዶ ራሳቸውን እያሻሹ። ከዚያ ከኡምሱናይ አፓ እቅፍ ሕፃኑን ተቀበሉና ከፍ አድርገው አሳዩት። "ይሄኛው ግን አልወደቀም። ቆብ ከሱፍ ይሠራል፣ ታሽታን፤ ይሄ ከምን ይሠራል?"

ሕፃኑን ለባለቤታቸው መለሱ፤ መሰላሉን ከግድግዳው አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። በዚያው በተገለጠ ራሳቸው፣ የታሽታንንም አንቴና ሊያስዞሩ፣ ወደ ቤቱ ሄደው ከጣሪያው ጋር አስደገፉት፣ እግሩንም በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ።

"ነይ ውጪ፣ ልጄ፤ እኔ ከታች ነኝ" አሏት ሳይካልን።